አምባሰል የተወለደው አረብ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ሲቆም የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ቱፍ ቱፍ ሲል የቆየው ነገር ድንገት ዝም ሲል፣ እህል የተሸከሙ ሴቶች መንገድ ላይ ቆም ብለው "አረቡ የት ሄደ?" ይባባላሉ። እኔም ክፍል ውስጥ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ጆሮዬን አቆማለሁ። አረቡ ባሌ ነበር።

ከየመን በአሰብ በኩል ከአጎቱ ጋር የመጣው ገና ጢም ሳያወጣ ነው። ደሴ አንድ ጋራዥ ውስጥ የናፍጣ ሞተር መፍታትና መግጠም ለመደ። ከዚያ አንድ ነጋዴ ሐይቅ ላይ ወፍጮ ሲተክል ሞተሩን እንዲገጥምለት ይዞት መጣ። ገጥሞ ሊመለስ ነበር፤ ሳይመለስ ቀረ። ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ አልደብቅም። የሠፈሩ ሰው "ለአንድ ሞተር መጥቶ አማች ሆነ" እያለ ይቀልድበት ነበር።

ያን ጊዜ ሳስበው ቀድሞ የሚመጣብኝ ሽታው ነው፤ ናፍጣና ትኩስ ዱቄት አንድ ላይ። ከሥራ ሲመለስ ቅንድቡ ነጭ፣ እጁ ጥቁር ሆኖ ነበር የሚገባው። አማርኛው አገር ያስቅ ነበር። ወንዱን "አንቺ"፣ ሴቷን "አንተ" ይላል። የቀበሌውን ሊቀመንበር "ጓድ፣ እንዴት አደርሽ" ሲለው፣ ያ ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ እንኳ ጥርሱን ለመደበቅ ወደ ጎን ይዞር ነበር። እኔ ተፈጥሮዬ ቁጡ ነው፣ በዚያ ላይ አስተማሪ ነኝ፤ ላርመው ሞክሬ ሞክሬ ሲደክመኝ ተውኩት። አሁን ያ አማርኛ ይናፍቀኛል።

አርብ ከጁምዓ በኋላ አንዳንዴ ወደ አርዲቦ እንሄድ ነበር። ውሃው ዳር ተቀምጦ ስለ አገሩ ያወራልኛል። አገሬ ይበል እንጂ የሚያወራው ስለ አንዲት ሴት ነበር፣ ስለ እናቱ። ባሏ ሞቶባታል፣ ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም። ከአብዮቱ በፊት በመርከብ ሄዶ አይቷት ተመልሷል። እሷም በባቲ ነጋዴዎች እጅ ለእሱ ቴምር፣ ለእኔ ሂና ትልክ ነበር። "ምራቴን ሳላይ አልሞትም ብላለች" ይሉኛል ነጋዴዎቹ። አይቻት የማላውቃትን ሴት እንዲያ ወድጃት ነበር፤ ትንሽም እፈራት ነበር።

ደርግ ከመጣ በኋላ ወፍጮው የገበሬዎቹ የአገልግሎት ማኅበር ንብረት ሆነ። ባሌ ያው ሞተሩ ጋ ቀረ። በየዓመቱ ደሴ እየሄደ የመኖሪያ ፈቃዱን ያሳድሳል። አንድ ዓመት ግን የቢሮው ሰው፣ እንዲህ በየዓመቱ እየታደሰ መኖር ቀርቷል፣ አንዱን መንገድ ምረጥ አለው። ወይ በሙያው ያመለክታል፤ በአካባቢው የማይገኝ ባለሙያ ነው ከተባለ፣ ፓስፖርቱን እንደያዘ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ያገኛል። ወይ በሚስቱ በኩል ዜግነት ጠይቆ ፓስፖርቱን ያስረክባል። ሁለቱንም ካልፈለገ አገሩ ይግባ።

ቤት መጥቶ ሲነግረኝ ሳላስበው "ዜጋ ሁንና ይውጣልን" አልኩ። ምክንያቴ ግልጽ ነው፤ በዚያ ዘመን ዜጋ የሆነ ሰው እንደልቡ ከአገር አይወጣም። ለሌላው ሰው እስር ቤት የሆነው ነገር ለእኔ ዋስትና መሰለኝ። እዚያ ሄዶ እናቱ እግሩ ላይ ተጠምጥማ ብታስቀረውስ? ይህን ፍርሃቴን ሳልነግረው እሱ ገብቶታል።

"ዜጋ ከሆንኩ አያስወጡኝም" አለኝ። "እናቴን አንድ ጊዜ ልያት። አይቻት እመለሳለሁ።"

አኮረፍኩ። ምግቡን አቀርብና ፊቴን አዞራለሁ። እሱ ደግሞ ኩርፊያ አይገባውም፤ በልቶ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ይተኛል። በመጨረሻ ራሴው ሰለቸኝና በሙያህ አመልክት አልኩት። ደስ ሲለው እጄን ይዞ በዚያ በዘይት በጠቆረ ጣቱ ሲያሻሸው ትዝ ይለኛል።

ማኅበሩ ሳያቅማማ መሰከረለት። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ሞተር ነክሶ ሲቆም የሚጠራው፣ የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ አውርዶ የሚወቅረው እሱ ብቻ እንደሆነ ማን ያጣዋል? የቀረው አንድ ነገር ነበር። ከአውራጃው ሁለት ሰዎች መጥተው፣ ይህ የውጭ አገር ሰው መቼ መጣ፣ ጠባዩ እንዴት ነው ብለው ነዋሪውን ይጠይቃሉ።

ስህተቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ባሌ ማመልከቱን ከእኔና ከማኅበሩ ሊቀመንበር በቀር ለማንም አልተናገረም። ያፈረው ቅሬውን ነው። ቅሬ ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝነው የመንደሩ ማኅበር ነው፤ እስላም ክርስቲያን ብንባልም በቅሬ አንድ ነን። ባሌ መቃብር ሲቆፍር ከማንም ቀድሞ ነበር የሚገኘው። ታዲያ እንዴት ብሎ ለነዚያ ሰዎች "የውጭ አገር ሰው ነው ብላችሁ መስክሩልኝ" ይበላቸው? ስድብ መሰለው። ሰዎቹ ሲጠይቋቸው ያዩትን ይናገሩ የለ፣ ብሎ ዝም አለ።

የአውራጃው ሰዎች የመጡት እሱ ውጫሌ ወፍጮ ሊጠግን በሄደበት፣ እኔም ትምህርት ቤት በነበርኩበት ቀን ነው። ያ ወቅት ደግሞ ክፉ ነበር። ጎረምሳው ለዘመቻ ይታፈሳል፣ የምናውቃቸው የደሴ ነጋዴዎች ተወስደው አልተመለሱም። መዝገብ የያዘ ሰው ስለ አንድ ሰው ከጠየቀ ለደግ እንዳልሆነ ሐይቅ ላይ ሕፃኑም ያውቃል። ሰዎቹ የቅሬውን ሽማግሌዎች አስጠርተው "እዚህ ያለው የውጭ ዜጋ..." ብለው ሲጀምሩ፣ ሽማግሌዎቹ የሰሙት "የት ነው የምንይዘው?" የሚል ነው።

እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሦስቱ ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ፊታቸው ሠርግ የሄዱ ይመስላል። ገና ሰላም ሳንባባል ትልቁ፣ ባሌ እንደ አባቱ የሚያየው ሰው፣ "አብሽሪ ልጄ፣ ሸኝተናቸዋል" አለኝ።

"እነማንን?" አልኩ።

ተቀባብለው ነገሩኝ። ትልቁ፣ የምን የውጭ ሰው ነው የምትሉት፣ እሱ እኮ እዚሁ አምባሰል ተወልዶ ያደገ ነው፣ አባቱን አውቀዋለሁ ብሎ ጀመረ። ሁለተኛው ይህ ያነሰ መስሎት፣ አያቱን አርዲቦ ዳር የቀበርነው እኛ ነን አለ። ሦስተኛው ክርስቲያን ነው፤ እሱ ደግሞ ከጓደኞቹ ላለማነስ፣ እናቱ ልጅ እንቢ ብሏት ግሸን ማርያም ተስላ የወለደችው ነው ብሎ አረፈው። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይህ ነው። የየመኑን ሰው የግሸን ስለት አደረጉት። አማርኛው ለምን ይኮላተፋል ቢሏቸው፣ ልጅ ሆኖ ኩፍኝ ይዞት ነበር ብለዋል።

ሳቅ መጣብኝ፣ ወዲያው እንባ ተከተለው። እነሱ የደስታ መሰላቸውና መረቁኝ። ምን ልበላቸው? ነፍሳቸውን ሸጠው የዋሹት እኮ ለኔ ባል ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ቃላቸው በመዝገብ ሰፍሮ ደሴ ገብቷል።

ባሌ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከውጫሌ መጣ። ሽማግሌዎቹ አልሄዱም ነበር፤ ለእሱም ከመጀመሪያው ጀምረው አወሩለት። እሱ ቆሞ ሰማ። ጨርቅ አውጥቶ እጁን ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሦስቱንም ትከሻ ሳመና "ጀዛኩሙላህ፣ አላህ ይክፈላችሁ" አላቸው። እነሱ ከሄዱ በኋላ ራቱን አልበላም።

ብዙም ሳይቆይ ደሴ ተጠራ፤ አብሬው ሄድኩ። የቢሮው ሰው ክፉ አልነበረም፤ የሰለቸው ሰው ነበር። ማመልከቻውን በአንድ በኩል፣ የሽማግሌዎቹን ቃል በሌላ በኩል፣ ፓስፖርቱን መሀል አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። "ወይ አንተ ዋሽተሃል፣ ወይ እነሱ ዋሽተዋል" አለ። ባሌ የውጭ ሰው ነኝ የሚል ከሆነ፣ በፓስፖርቱ ፈቃዱ ዛሬውኑ ያልቅለታል፤ ሦስቱ ሰዎች ግን ለመንግሥት የሐሰት ምስክርነት ሰጥተዋልና ይታሰራሉ። ይህን ሲናገር ድምፁን ከፍ ዝቅ አላደረገም።

በዚያ ዘመን መታሰር ምን ማለት እንደሆነ ላልኖረበት ማስረዳት ይከብደኛል። የገባ ሁሉ አይወጣም ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ደግሞ በዚያ ዕድሜው አንድ ክረምት እንኳ አይችለውም።

ባሌ እኔን አየኝ። እኔ ፊቴ እንዳይመራው ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የእናቱ ጉዳይ የእሱ ነው።

"ሽማግሌ አይዋሽም" አለ። "አምባሰል ነው የተወለድኩት።"

ያንን በዚያ አፉ ሲለው ግድግዳው እንኳ የሚያምነው አልመሰለኝም። የቢሮው ሰው ፓስፖርቱን አንስቶ "እንግዲያው ይሄ የሌላ ሰው ነው" አለና መሳቢያው ውስጥ ከትቶ ዘጋው።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አለቀስኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝም ነበር። ከእንግዲህ የትም አይሄድብኝም። መደሰቴ ደግሞ መልሶ አናደደኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ምን እንዳጣ አይቻለሁና። እሱ ወደ ውጭ እያየ ነበር። ሐይቁ ብቅ ሲል ብቻ ወደ እኔ ዞሮ፣ ለሽማግሌዎቹ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ አለኝ። ካወቁ እንቅልፍ ያጣሉ አለ። ማልኩለት።

የቀበሌ መታወቂያው ወጣ፤ የትውልድ ቦታ፣ አምባሰል። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ የኮሩት ኩራት! ሠርግ ላይ ማሲንቆው ወደ አምባሰል ቅኝት የዞረ እንደሆነ "ይሄ ያንተ ነው፣ ተነስ!" ብለው መሀል ይገፉታል። ትከሻው እንደ ላላ የሞተር ቀበቶ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይሸሻል። ዳሱ በሳቅ ይሞታል፤ እሱም ይስቃል። እነዚያን ዓመታት ደጋግሜ የማስባቸው ለዚህ ነው። ጦርነቱም፣ ሰልፉም፣ ስብሰባውም ነበረ፤ እኔ ግን የምናፍቀው ያን ዘመን ነው፤ ምን ላድርግ?

ቴምሩና ሂናው ከባቲ መምጣቱን ቀጠለ። "መቼ ነው የሚመጣው ትላለች" ይሉናል ነጋዴዎቹ። በቅርብ ኢንሻአላህ በሏት ይላል ባሌ። ከዚያ አንድ ዓመት ነጋዴው ባዶ እጁን መጣ። ቤት ከመግባቱ በፊት ጫማውን አውልቆ ደጅ ላይ መቆሙን ሳይ ገባኝ።

ቅሬው ዳስ ጣለ። አይቷት የማያውቅ መንደር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ለእናቱ ቁጭ አለ። ለሩቅ ሬሳ የሚሰገደው ሶላት ተሰገደ። እኔ ከሴቶች ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ፤ ወንዶቹ የሚሉት ሁሉ ይሰማናል። ትልቁ ሽማግሌ ያን ጊዜ ዓይኑ ደክሟል፣ ባሌ ደግፎት ነበር የሚቀመጠው። ክንዱን ይዞ እንዲህ አለው፤

"ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን እናትህን ሄደህ ሳታያት የቀረኸው ምነው?"

እኔ ብድግ አልኩ። መሐላዬን አፍርሼ፣ በእናንተ ምክንያት ነው ልል ነበር፤ አንድ ቃል ሲቀረኝ ባሌ ወደ መጋረጃው ዞሮ ማየቱን በቀዳዳው አየሁ። ጠባዬን ያውቀዋል።

"ሥራ በዛብኝ አባባ" አለ።

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። "ወፍጮ ኸናት ይበልጣል? ይሄስ ጥሩ አላደረግህም።"

ባሌ አንገቱን ደፋ። "አውፍ በሉኝ" ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

ሽማግሌውም አውፍ አለው፤ እጁን ዘርግቶ ረጅም ዱዓ አደረገለት። ዳሱ ሁሉ አሚን አለ፤ እኔም ከመጋረጃው ጀርባ አሚን አልኩ።