ሊቀ መንበሩ ከፍ ያደረገኝ ቀን

ቢቸና ያደግሁት በጎድጓዳ ደረት ነው። ወንዝ ወርደን ስንታጠብ በጀርባዬ ከተጋደምኩ መሐሉ ላይ ውኃ ያቁር ነበር፤ የአክስቴ ልጆች ጣታቸውን እየነከሩ ይስቁብኛል። እያደግሁ ስሄድ ግን ትንፋሽ ያጥረኝ፣ ዳገት መውጣት ያቅተኝ ጀመር። አስራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ አስተማሪው አባቴ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ አዲስ አበባ ወስደው አሳከሙኝ። አንድ የውጭ አገር ሐኪም ደረቴን ከፍቶ ከአጥንቱ ሥር ጠፍጣፋ ብረት አጋደመበትና ቀና አደረገው።

ስንሰናበት ሐኪሙ ለሦስት ወር እንዳልዘል፣ ከባድ እንዳልሸከም፣ ማንም በብብቴ ይዞ እንዳያነሳኝ አስጠነቀቀ። ብረቱ ገና ስላልጠበቀ ከቦታው ሊሸሽ ይችላል አለ። አባቴ ሁሉንም ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ቢቸና ስንመለስ ቀድሞ ሊጠይቀን የመጣው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነበር። ደረቴን በልብሴ ላይ አየት አደረገና የአብዮቱ ፍሬ መሆኔን ወሰነ። እናቴ እስከዚያ ቀን የእሷ ፍሬ እመስላት ነበር። በአብዮት በዓል መድረክ ላይ እንድወጣ ሲያዝ አባቴ አይሆንም፣ ሐኪሙ የከለከለው ሦስት ወር ገና አልሞላም አሉት።

«ሐኪሙም ጓድ ነው፣ እኔም ጓድ ነኝ» አለ ሊቀ መንበሩ። «እንግባባለን።»

በበዓሉ ቀን ስለ ደረቴ ረጅም ንግግር አደረገ። ከአብዮቱ በፊት የጭቁን ልጅ ደረት ሁሉ ጎድጓዳ እንደነበር አስረዳ። ከዚያ በብብቴ ይዞ ከራሱ በላይ አነሳኝና «አብዮቱ ከፍ አደረጋት!» አለ። ውስጤ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማኝ። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እኔ አለቀስኩ፤ እሱም ለቅሶዬን የደስታ ነው ብሎ ተረጎመላቸው።

በማግስቱ የብረቱ ጫፍ ከግራ ጎኔ ቆዳ ሥር ጉብ ብሎ ታየ። ራጅ ለመነሳት ሞጣ ሐኪም ቤት ሄድን። ሊቀ መንበሩም፣ ለእኔ አስቦ ይሁን ለራሱ፣ አብሮን ተሳፈረ። ፊልሙ ላይ ብረቱ ዞሮ ቆሟል። የተቀበሉን ነርስ ምን እንደደረሰብኝ ሲጠይቁ ሊቀ መንበሩ «ገመድ ስትዘል ነው» ብሎ ሁላችንንም ቀደመን። ነርሷ እሱን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ንገሪኝ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«አብዮቱ ከፍ አድርጎኝ ነው» አልኩ።

አባቴ እጄን ጭምቅ አደረጉት። ነርሷ ሊቀ መንበሩን ለአፍታ አዩትና «ከከፍታ የመጣ ጉዳት» ብለው ጻፉ።

አዲስ አበባ እንደገና ተከፈትኩ። በዚህኛው ጊዜ ብረቱ ከጎድን አጥንቴ ጋር በሽቦ ታሰረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በሰላም ወጣ። ደረቴ ዛሬም በትንሹ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሊቀ መንበሩ ለበላይ አካል በላከው ሪፖርት ግን በዓሉ ያለ አንዳች እንከን ተጠናቋል።

ከሁለተኛው ቀዶ ጥገና በኋላ አባቴ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጡ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው አይሆንም ያልኩት» አሉኝ። «ሁለተኛ መድገም ነበረብኝ።»

ብርቱካን ላጡልኝ፣ በላሁ።