አምስቱ የማላዊ ዓሦች

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ጥርስ ሐኪም ዘንድ ተራ ስጠብቅ ከጀርባዬ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ሳልል አወቅሁት። የዓሣ ሳጥን አየር መንፊያ ነው። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ የረጠበ ድንጋይና የደረቅ ዓሣ ምግብ ሽታ። ተራ የምትጠራው ልጅ "ተራሽ ደርሷል፣ ግቢ" ስትለኝ ተነስቼ ወደ ውጭው በር ዞርኩ። ጥርሴን እንዳመመኝ ወጥቼ ሄድኩ።

ያንን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት ንፋስ መውጫ፣ አባቴ ቤት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። እናታችን ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበርና ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና አባቴ ነን። አባቴ እዚያው አቅራቢያችን ባለችው ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የተመረቁ መሪጌታ ናቸው፤ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ሲያያቸው ፍጥነት ይቀንሳል። አዲስ አበባ ሆቴል ቤት የሚሠራው ወንድማችን፣ ሆቴሉ ዕቃ ሲቀይር ያስወገደውን የዓሣ መስታወት ሳጥን በፍራሽ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ላከልን። "አባባ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ነው" አለኝ በስልክ። እኔን ከሰው ሳይቆጥረኝ ነው እንግዲህ።

ሳጥኑ በመጣ በሦስተኛው ቀን እህቴ መጣች። መካነ ኢየሱስ ከተማ ለአንድ የጭነት መኪና ላለው ነጋዴ በቁርባን የተዳረችው ታላቅ እህቴ ናት። የያዘችው አንድ ፌስታል ነው፤ ግራና ቀኝ ያደረገችው ጫማ አንድ ዓይነት አልነበረም። "ናፍቃችሁኝ ነው" አለች። አባቴ ጫማዋን አይተው በርጩማ አቀረቡላት።

ወንድማችን በስልክ የሚያዘውን የምንሠራው እኔና እሷ ሆንን። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ውሃው አንድ ወር ይቆይ፣ ማጣሪያውና ማሞቂያው ቀን ከሌት ይሥሩ ብሎናል። ድንጋይ ከወንዝ ለቅመን፣ ቀቅለን፣ እየደራረብን ዋሻ ሠራን። "መደበቂያ አብዙላቸው፣ ጠበኞች ናቸው" ብሎ ስለነበር እህቴ ዋሻውን ስትሠራ፣ ስታፈርስ፣ ደግማ ስትሠራ ትውላለች። መብራት ሲጠፋ የጉና ተራራ ብርድ ውሃውን እንዳያቀዘቅዝብን የፈላ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን ሳጥኑ ውስጥ ማንሳፈፍ ተለማመድን። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ውሃውን ስትመታው ጣሪያው ላይ ብርሃን ይርገበገባል። እህቴ መደቡ ላይ በጎኗ ተኝታ አንገቷን አጣማ ታየው ነበር። ለምን በጀርባዋ እንደማትተኛ አልጠየቅኳትም።

ያወቅሁት ፀጉሯን ሳጥባት ነው። ቀሚሷ ከትከሻዋ ሸርተት ሲል የቀበቶ ሰንበሩን አየሁት፤ አንዱ አርጅቶ ጠቁሯል፣ አንዱ ገና አልጠገገም። ማሰሮውን ሳላስበው አዘነበልኩት። "ቀስ፣ ውሃው ዓይኔ ገባ" አለች። ቀሚሷን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

ወንድማችን የላካቸው ዓሦች የመጡት በወሩ መጨረሻ ነው። ከደብረ ታቦር የሚመላለሰው፣ ሁላችንንም የሚያውቀን የሚኒባስ ሾፌር፣ አየር የተነፋ ላስቲክ ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን አቅፎ አመጣቸው። አንዱ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ አራቱ ቢጫ። ሲክሊድ ይባላሉ፤ ከማላዊ ሐይቅ የተገኙ፣ የጣናችን የቆሮሶ ዓሣ ዘመዶች ናቸው። ወንድማችን አጥብቆ "ሰማያዊው ወንድ ነው፣ ቢጫዎቹ ሴቶች። አራት የሆኑት ጥቃቱን እንዲከፋፈሉት ነው" አለን።

አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ "ሦስቱ ይመለሱ" አሉ።

"ለምን አባባ?" አልኳቸው።

"በእኔ ጣሪያ ሥር አንድ ለአንድ ነው። ኖኅስ ተባዕትና አንስት ብሎ አይደለም ያስገባ?"

እህቴ ሳቀች፤ ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። "ዓሣ እኮ መርከብ አልገባም አባባ! ውሃውማ ለእነሱ ድግስ ነበር።" አባቴም ሳቁ። "ምላስሽ ዛሬም አልታረመ" አሏት። ግን ቃላቸውን አላጠፉም። በማግስቱ ሦስቱን ቢጫዎች በዚያው ላስቲክ ለሾፌሩ ሰጠነው፣ ደብረ ታቦር ለሚያውቀው ሆቴል እንዲያደርስ። ለወንድማችን ደውዬ ልነግረው ይገባ ነበር። አባቴን ለእሱ ማሳጣት መሰለኝና ተውኩት።

ሰማያዊው በመጀመሪያው ቀን ዋሻዎቹን ሁሉ የራሱ አደረገ። አንዲቱ ቀሪ ቢጫ ብቅ ባለች ቁጥር ይወረወርባታል። ምግብ ስንበትን እሱ ካልጠገበ አትወጣም። በሳምንቱ የጅራቷ ጫፍ ተበጣጥሶ፣ ከማሞቂያው ጀርባ ባለው ጥግ አፏን ወደ ውሃው ገጽ ሰቅላ ቆመች። እህቴ ሥራዋን ትታ ከሳጥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች።

"አባባ፣ ይችን ያውጧት" አለቻቸው።

"ይላመዳሉ፣ ልጄ። ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ነው።"

እህቴ ቀና ብላ አየቻቸው። አባቴም ያሉት ነገር የገባቸው ይመስለኛል፣ ዳዊታቸውን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገቡ። እህቴ ዓሣዋን በጣሳ ቀድታ ባልዲ ውስጥ አደረገቻት። ግን መብራት ጠፋ፣ ባልዲው በረደ፣ ዓሣዋ ወደ ጎን ማዘንበል ጀመረች። እህቴ ገበያ ሄዳ ነበር። አባቴ "እዚያው መልሻት፣ በብርድ ከምትሞት" አሉኝ። መለስኳት። በማግስቱ ጠዋት ማጣሪያው አፍ ላይ ተለጥፋ አገኘናት። ዓይኗ አልነበረም።

የእህቴ ባል ሽማግሌ እንደሚልክ የሰማነው በዚያው ሰሞን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እህቴ ጓሮ ጠራችኝ።

"እኔ ለሽማግሌ ጀርባዬን አልገልጥም" አለችኝ። "ብናገር ደግሞ ያኮረፈች ሴት ወሬ ነው ይሉኛል። አንቺ በዓይንሽ አይተሻል። ሲጠይቁሽ ያየሽውን በይ፣ ሌላ አልፈልግም።"

"እሺ እታለም" አልኳት። ከልቤ ነበር፤ ይህን እንድታምኑልኝ እፈልጋለሁ።

ሲመሽ ግን አባቴ ለብቻቸው ሲያወሩ ሰማኋቸው። "የቁርባን ትዳር ከእኔ ቤት ከፈረሰ፣ ማሕሌት ላይ በምን ፊቴ እቆማለሁ?" ይላሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እናታችን ስትሞት እንኳ እንዲያ ሲሆኑ አልሰማሁም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አራት ሽማግሎች መጡ። የእህቴ ባል በሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ለዓይን የሚያሳዝን፣ ቁጥብ ሰው ነው። ብዙ ተባለ፤ ባልየውም እጄን አንስቼባት አላውቅም ብሎ ማለ። በመጨረሻ ከሁሉም ያረጁት ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ አብረሻት ነው የሰነበትሽ። በእህትሽ ገላ ላይ ያየሽው ነገር አለ?"

አባቴን አየኋቸው። እሳቸው እኔን አላዩኝም፤ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። በስተጀርባ ያ መንፊያ ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

"አላየሁም" አልኩ።

እህቴ ተነሳች። ፌስታሏን አንስታ ነጠላዋን አስተካከለች። በሩ ላይ ስደርስባት "ምግቡን አታብዢበት፣ ውሃው ይበላሻል" አለችኝና መኪናው ውስጥ ገባች። ፈርቼ ነው እላለሁ፤ አባቴን ላድን ነው እላለሁ። ሃያ ጊዜ ሃያ ምክንያት አምጥቻለሁ፣ አንዱም አያስተኛኝም።

ክረምቱ ሳይገባ ባሏን ጥላ መውጣቷን ሰማን። ስልኳ ዝግ ነው። አባቴ በየቀኑ ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት ድረስ በከዘራ እየሄዱ ይቀመጡ ጀመር፤ ትመጣለች ብለው ነው። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ አገኛቸዋለሁ። አንድ ቀን ያ ሾፌር ከመኪናው ወርዶ ወደ እኛ መጣ።

"እህትሽን ደብረ ታቦር መናኸሪያ አየኋት" አለኝ። "ጋቢና ባዶ ነበረኝ። 'ነይ ግቢ፣ ንፋስ መውጫ ላድርስሽ፣ ሒሳብ አልልሽም' አልኳት።"

"ምን አለችህ?"

"'እዚያ ሰው የለኝም' አለች። የባሕር ዳሩን አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች።"

የአባቴ ጆሮ ያኔ መክበድ ጀምሮ ነበር። ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"ምን አለች? ምን አለች ልጄ?"

"'ደኅና ነኝ በላቸው' ብላለች" አልኳቸው።