ሰማዕት ልሆን የተነሣሁበት ዓርብ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ደወለችና «አባዬ፣ የሰኔ ጾም ዘንድሮ መቼ ነው የሚገባው?» አለችኝ። ከመልሱ በፊት ሳቅ ቀደመኝ... ደነገጠች። ይቺው ጥያቄ ድሮ ልታሳስረኝ እንደነበር የት ታውቃለች? ያኔ እሷ ገና በእናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ከሰባ ሰባቱ ረሃብ ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ። መርሳ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ጓድ ታምሩ የሚባል ካድሬ የሀብሩን ወረዳ አስተማሪና የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሁሉ በየሁለት ሳምንቱ ግራና የምትባል ከተማ ይሰበስበንና አምላክ እንደሌለ ያስረዳናል። ሁልጊዜ ዓርብ ነው። ምሳው ሁልጊዜ ሥጋ ነው። ማን እንደሚበላና ማን «ሆዴን አሞኛል» እንደሚል ቁጭ ብሎ ያያል።

የሚገርመው፣ አምላክ የለም የሚለው ሴሚናር በግ የሚያሳርደው ለየብቻ ነበር፤ አንድ ለክርስቲያኑ፣ አንድ ለእስላሙ።

ከእኔ በፊት አንድ አስተማሪ «ጾም ነው፣ አልበላም» ብሎ ወልድያ ሦስት ወር ታስሮ ነው የወጣው። ስለዚህ እኔ እበላ ነበር። ያውም ካድሬው እንዲያየኝ አጥንት እየጋጥኩ... አፍሬ ቤተ ክርስቲያን መሳምም ተውኩ።

ባለቤቴ ከፋሲካ በኋላ እናቷ ቤት ልትወልድ ወልድያ ስትሄድ አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ «ልጁ አድጎ አባቴ የሚፈራው ማንን ነው ቢለኝ ምን ልበለው?» አለችኝ። አውቶቡሱ ሄደ፤ ጥያቄዋ ግን እኔው ጋ ቀረ።

ካድሬው ደሴ ለሥልጠና ከርሞ ሰኔ ላይ ጠራን። ያ ሰኔ ከረመዳን ጋር ገጥሟል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አጠገቤ የተቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ሰይድ ብድግ አለና «ጓድ፣ እኛ ጾመኞች ነን» ብሎ ወጣ። የአዳራሹ እኩሌታ ተከተለው። ጓድ ታምሩ አልከለከላቸውም፤ የሀብሩን ወረዳ እኩሌታ የት አባቱ ያስረዋል?

እኛ ቀረን። የበግ ቅቅሉ መጣ። እጄን ዘረጋሁና... መንገድ ላይ ቀረ። የባለቤቴ ጥያቄ መጣብኝ። በልቤ «ገብርኤል፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ፣ ድረስልኝ» አልኩና ቆምኩ።

«ጓድ ታምሩ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ። ዓርብ ነው፤ የሰኔ ጾምም ገብቷል። እስከዛሬ የበላሁት ፈርቼ ነው። ከእንግዲህ አልበላም። እስር ቤት ከሆነም ጋቢዬን ይዣለሁ።»

ጋቢውን የያዝኩት ለመንገድ ነበር። ግን ጥሩ አጋጣሚ ሆነ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ወራት የተሸከምኩትን ያወረድኩ ነው የመሰለኝ። ከፈለገ አሁኑኑ ይውሰደኝ አልኩ።

ጓድ ታምሩ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ በንዴት «የምን የሰኔ ጾም ነው?» አለኝ።

«የሐዋርያት ጾም ነዋ።»

«የሐዋርያት ጾም መቼ ገባ?» አውራ ጣቱ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነካ መሮጥ ጀመረ። «ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ነው። ጾሙ የሚገባው በጰራቅሊጦስ ማግስት ነው፤ ጰራቅሊጦስ ደግሞ ገና ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል። በበዓለ ሃምሳ ዓርብም ቢሆን አይጾምም፤ ክልክል ነው። ሰኔ ስለገባ ብቻ ጾሙ ገባ የሚል ክርስቲያን...»

እዚህ ላይ አፉን ዘጋ። አውራ ጣቱ ግን ቀለበት ጣቱ አንጓ ላይ እንዳለ ቀረ። እንደዚያ በጣት አንጓ በዓል የሚያወጣ ሰው የት እንደተማረ ማናችንንም አልጠፋንም። የሌኒን ትምህርት ቤት አይደለም።

አቶ ካሣ የሚባሉ ሽማግሌ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ጉርሻቸውን እንደያዙ «ጓድ፣ ድቁናውን የት ነው የተቀበሉት?» አሉት። በክፋት አይደለም፤ ከልባቸው ማወቅ ፈልገው ነው።

የጓድ ታምሩ ጆሮ ቀላ። «ምሳችሁን ብሉ፣ ይቀዘቅዛል» አለ።

ተቀመጥኩ። በላሁም። ምን ላድርግ? ለሃይማኖቴ ልታሰር ተነሥቼ ሃይማኖቴ ራሱ ብላ አለኝ።

ስወጣ ሰይድ ዛፍ ጥላ ሥር ተጋድሟል። «ጾመኛ ነኝ ስትል በመስኮት ሰማሁህ፤ ከንፈርህ ግን ቅባት ነው። ምነው?» አለኝ።

«ካድሬው ከለከለኝ። ዛሬ መጾም ኃጢአት ነው ብሎ።»

ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። «ወላሂ አታስቀኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል። መግሪብ ገና ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጋቢዬን አጥፌ በር አጠገብ አስቀምጬ የሚወስደኝን መኪና ስጠብቅ ሰነበትኩ። አልመጣም። እኔን ለመክሰስ ያን የጣት ቆጠራ አብሮ ማውራት ግድ ይሆንበታላ።

በሁለት ሳምንቱ ዓርብ እንደገና ግራና ተሰበሰብን። አሁን ጾሙ የእውነት ገብቷል፤ ጠይቄ፣ አረጋግጬ፣ ጋቢዬንም ይዤ ነው የሄድኩት። የቀረበው ምሳ ሽሮ ሆነ። ጓድ ታምሩ ጣሪያውን እያየ «በግ ጠፋ» አለን። ከመስኮቱ ማዶ በግ ይጮሃል። ማንም አልሳቀም። አቶ ካሣ ብቻ ቀስ ብለው አማተቡና ጎረሱ። ካድሬው ጣሪያውን ማየቱን ቀጠለ።

ለልጄ ቀኑን ካሌንደር አይቼ፣ ሁለቴ ቆጥሬ ነገርኳት። የዚያን ዓርብ እግዚአብሔር ድፍረቱን ለእኔ ሰጠኝ፤ ቆጠራውን ግን የሰጠው ለካድሬው ነበር።