ረውዳ ለጋሽ ሱሌማን ያልነገረችው

ረውዳን ሥራ አስኪያጅ ያደረጓት ቀን ቀናሁ። መዋሸት ምን ይጠቅመኛል? እኔ ገበያነሽ ኮምቦልቻ ባለው ሱፐርማርኬታችን ካሸር ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ፤ እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ከደጋን ስትመጣ ስኳርና ጨው የት እንደሚደረደር እንኳ አታውቅም ነበር። ያስተማሯት የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ሱሌማን ናቸው። ቀኑ የቀረበ ዕቃ ወደ ፊት፣ የራቀ ወደ ኋላ፤ የተቆጣ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ወንበር፣ ከዚያ ወሬ፤ ሁሉንም ከእሳቸው ነው የቀሰመችው። አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ "አባ" ነው የምትላቸው። ለኢድ ሻርፕ የሚገዙላትም እሳቸው ነበሩ።

ሐቁን ልናገር፣ ልጅቱ ሥራ ወዳድ ናት። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያሉት አለቆቻችን ሥራ በገባች በሰባተኛ ዓመቷ ሲሾሟት ጋሽ ሱሌማን እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት። እኔም አሚን አልኩ፣ በግማሽ ልቤ።

ችግሩ የጀመረው አምና ከረመዷን ወዲህ ነው። ጊዜው ያለፈበት ዕቃ መደርደሪያ ላይ መታየት ጀመረ። አንድ ቀን አንዲት እናት የልጇን የዱቄት ወተት ይዛ ተመለሰች፤ ቀኑ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ረውዳ ወንበር ሰጠቻት፣ ይቅርታ ጠየቀቻት፣ ቀየረችላት። ወተቱን ከመጋዘን ያወጡት ጋሽ ሱሌማን መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ ጠዋት ጠዋት እሳቸው ሳይመጡ ቀድመን እየገባን ያለፈበትን እየለቀምን መደበቅ ሆነ ሥራችን።

"ለምን አትነግሪያቸውም?" አልኳት።

"እትዬ፣ በአላህ! እኔ ነኝ አባን አጠፉ የምላቸው? በምን አፌ?"

እኔስ ብሆን ነገርኳቸው? አልነገርኩም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልን አድገን፣ ዝምታችን የሰው እንጀራ ሲዘጋ አይታየንም። ይህን ሳስብ ዛሬም በራሴ እናደዳለሁ።

በጥቅምት ደሴ ላይ ለሥራ አስኪያጆች የሦስት ቀን የአመራር ሥልጠና ተሰጠ። ረውዳ ጠዋት የሐረጎን ዳገት እየወጣች፣ አመሻሽ ላይ እየወረደች ተመላለሰች። በመጨረሻው ቀን አሠልጣኙ ሁለት ሁለት አድርጎ አስቀመጣቸውና አንዱ አለቃ፣ አንዱ ያጠፋ ሠራተኛ እንዲሆኑ አዘዘ። አለቃው ሠራተኛውን ለብቻው ጠርቶ፣ ሳይውል ሳያድር፣ ሳያዋርድ፣ ጥፋቱን ፊት ለፊት መንገር አለበት። ረውዳ አይታው የማታውቀውን አንድ ሰውዬ እንዲህ አድርጋ ብትነግረው አዳራሹ አጨበጨበላት። የምስክር ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ ፊቷ በርቶ ነበር።

"አሁን አውቄበታለሁ እትዬ፣ ወላሂ ሰኞ እነግራቸዋለሁ" አለችኝ።

ሰኞ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ አያታለሁ። ጋሽ ሱሌማን ቀና አሉና "ነይ እስቲ ልጄ፣ የደሴ ብርድ እንዴት አደረገሽ? አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ አኮራሽኝ" አሏት።

"አልሐምዱሊላህ አባ። ቁርስ በሉ ወይ?" ብላ ተመለሰች።

ማክሰኞም እንዲሁ። ለማያውቁት ሰው መናገር ምን ይከብዳል! ያ የሥልጠናው ሰውዬ ሻርፕ አልገዛላትማ።

በኅዳር የሠራተኛ መገምገሚያ ቅጽ ከደሴ መጣ። አፏ ያቃተውን እጇ ጻፈው። ለጋሽ ሱሌማን ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠች፤ ከሥሩም "የዕቃ ቀን የማየት ችግር ስላለባቸው ረዳት ቢመደብላቸው" ብላ አከለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ረዳት ከመጣላቸው ነገሩ ማንም ሳይናገር ይፈታል ብላ ነው። ደሴ ያሉት ግን ያነበቡት ነጥቡን ብቻ ነው። በአሥረኛው ቀን የስንብት ደብዳቤ መጣ፤ እንድትሰጣቸው የታዘዘችውም እሷው ናት። ደወለች፣ ለመነች፣ አለቀሰች። "አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው?" አሏት።

ከዙሁር ሶላት እስኪመለሱ ጠብቃ እኔ ባለሁበት ሰጠቻቸው። ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ከዚያ መለሱላት።

"አንቺው አንብቢልኝ።"

አነበበችላቸው። ቀኑ ያለፈበት ዕቃ ከእጃቸው ይወጣ እንደነበረም ያን ጊዜ ነገረቻቸው።

"ከመቼ ወዲህ ነው?" አሉ።

"ካምና ረመዷን ወዲህ።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ?" እኔንም ዞር ብለው አዩኝ። "ሁላችሁም ታውቁ ነበር? እኔኮ የመጋዘኑ መብራት የደከመ ነበር የሚመስለኝ። ዓይንዎ ነው ብትሉኝ መነጽር አደርግ አልነበር? መነጽር እኮ ነው!"

ረውዳ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟት።

"አፉ ይበሉኝ አባ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"አፉ ብያለሁ ልጄ። አላህም አፉ ይበልሽ።"

የመጋዘኑን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። አሁን ሐርቡ ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት። ለጁምዓ ወደ ኮምቦልቻ ብቅ ሲሉ በእኛ በር አያልፉም፤ ቀድመው ወደ ማዶ ይሻገራሉ። አፉ ማለትና መርሳት ለካ አንድ አይደሉም።

ረውዳም ተለወጠች። ያረፈደውን፣ ከደንበኛ ጋር የተጨቃጨቀውን፣ ዕቃ ያዘበራረቀውን ሁሉ በዚያው ቀን ጠርታ ፊት ለፊት ትነግራለች። ደሴ ያሉት ሥልጠናው ፍሬ አፈራ ብለው አመስግነዋታል። እኔ ግን ስትስቅ ካየኋት ቆየሁ። ምሳዋን መጋዘን ገብታ ብቻዋን ነው የምትበላው። ሳያት አንጀቴን ትበላዋለች፤ ያን ቀን በግማሽ ልቤ አሚን ማለቴም ይቆጨኛል።

ለእኔ ብቻ አንድም ቀን ጥፋት ነግራኝ አታውቅም። እኔ ደግሞ ሃምሳ ስምንት ሞልቶኛል። ጣቴ እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ ፊት ለፊቴ ያለው ሰልፍ ከሌሎቹ ይልቅ እየረዘመ መሄዱ ይታወቀኛል።

ባለፈው ሳምንት ቅጹ እንደገና መጣ። ስታልፍ ጠራኋትና "ረውዳ፣ እኔስ ያጠፋሁት ነገር አለ? ካለ አሁኑኑ ንገሪኝ" አልኳት።

"ኧረ አብሽሩ እትዬ! እርስዎ ደግሞ ምን ጥፋት አለብዎት?" አለችኝ።

ይህን ስትለኝ ፊቴን አላየችም።