ስቅለት ዕለት ባዶ የቀረው አዳራሽ

ይህን ነገር ሚስቴ አታውቀውም። ንስሐ አባቴም አያውቁትም። በየዓመቱ ፊታቸው ቆሜ "አባቴ፣ ቅናት አለብኝ" እላለሁ፤ እሳቸውም "ቅናት የሌለበት ማን አለ" ብለው ስግደት አዘውልኝ ይሸኙኛል። በቅናት ምን እንዳደረግኩ ጠይቀውኝ አያውቁም፣ እኔም ነግሬያቸው አላውቅም። ስሙን እየተናዘዝኩ ሥራውን ደብቄ ኖርኩ። አሁን ለማላውቅህ ለአንተ፣ ለአንባቢዬ፣ ሥራውን ልነግርህ ነው።

በፈቃዱ እባላለሁ። አሜሪካ አገር በኮሎምበስ፣ በከተማው የሕዝብ ሆስፒታል ውስጥ፣ አሥራ ሰባት ዓመት አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። እንግሊዝኛ የማይችል ያገሬ ሰው ሲታመም በእሱና በዶክተሩ መሀል የምቆመው እኔ ነኝ። ሥራው አይከፋም፣ ልጅ አሳድጌበታለሁ፣ ፎረስት ፓርክ ቤት ገዝቼበታለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ ስትናገር ትውላለህ፣ ከምትናገረው አንዱም የራስህ አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ "አንተስ ምን ታስባለህ?" ያለኝ ዶክተር አልነበረም። "በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል" እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ወርቅ መሆኔን ማን ነገረኝ? ማንም አልነገረኝም፤ እኔው ነኝ የወሰንኩት።

ሲስተር ምንትዋብ በዕድሜ ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት ታንሳለች። ደሴ ነርስ ነበረች፤ እዚህም እንደገና ተምራ ነርስ ሆነች። የምትሠራው ሆስፒታሉ ኢስትሙር ሰፈር ባለው ትንሽ ክሊኒክ ነበር። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ያገራችን ሰዎች እዚያ ይታከማሉ። ሆስፒታሉ ለሁሉም የቀጠሮ ደብዳቤ ይልካል፣ የኛ ሰው ደግሞ ደብዳቤውን ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ጋር ጠቅልሎ ይጥለዋል። ምንትዋብ ደብዳቤውን ተወችና ሕመምተኞቹን ሁለት ሁለት አድርጋ አጣመረቻቸው። "አንቺ የእሳቸው ጠያቂ ነሽ፣ እሳቸው ደግሞ ያንቺ ጠያቂ ናቸው" አለቻቸው። የታመመ መጠየቅን ለኛ ሰው ማን ያስተምረዋል? ቀጠሮ ሲደርስ ጠያቂው ይደውላል፤ መኪና ያለው የሌለውን ይዞ ይመጣል። ክርስቲያኑ ከወሎ ሙስሊም ጋር ተጣምሮ፣ አንዱ ሲጾም ሌላው መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚውጥ እያሰበለት፣ በጥቂት ወር ውስጥ ቀጠሮ የሚያስተጓጉል ሰው ጠፋ።

መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሳቅሁ። "እድር አደረገችው እንዴ ክሊኒኩን?" ብዬ ቀለድኩ። ቀልዴን ሰው ሳቀበት፣ እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላልህ አለኝ። ጥየቃን ከእሷ ቀድሜ የማውቀው እኔ አይደለሁም? እነዚህን ሰዎች ከእሷ በፊት የማውቃቸው እኔ አይደለሁም? ታዲያ ለምን እኔ አላሰብኩትም? ዋናው ሆስፒታል ለማስተርጎም ስቆም ሕመምተኛው ግራ ቀኙን አይቶ "ምንትዋብ የለችም?" ይለኛል። እኔ ፊቱ ቆሜ! ፈገግ እላለሁ፣ ውስጤ ግን ይቆስላል። ቅናት አጥንት ያነቅዛል የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬ፣ አጥንቴ ሲነቅዝ አላወቅኩትም።

ከዚያ የሆስፒታሉ አቅም አጠረ። ወጪው ገቢውን አለፈ ተባለና ሊንዳ የምትባል ምክትል ኃላፊ ሆስፒታሉን እንድታሻሽል ተሾመች። የመጣላት ሐሳብ ትንንሾቹን ክሊኒኮች ዘግቶ ሁሉን ወደ ዋናው ሆስፒታል መሰብሰብ ነበር። ክፉ ሴት አልነበረችም። ከመወሰኗ በፊት ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስባ ሐሳብ ጠየቀች። ምንትዋብ ተነሥታ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ስለ ጠያቂዎቹ ተናገረች። ግሱ ከባለቤቱ አይገጥም፣ የትናንቱ ከነገው ይምታታል፤ እኔ በልቤ እያረምኩ እሰማለሁ። ሊንዳ ግን አላረመችም፣ ትጽፍ ነበር። ጽፋ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ እውነት እንዲህ ያለ ልማድ አላችሁ ወይ አለችኝ። አዎ፣ የቆየ ልማዳችን ነው አልኳት። ሳቅ ብላ፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከንም?" አለች።

ይህች ጥያቄ ናት የገደለችኝ። እውነት ስለሆነች ነው የገደለችኝ።

ያን ሰሞን ራት ላይ ስለ ምንትዋብ ሳማርር ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ሹካዋን አስቀምጣ "ዳድ፣ ዩ ሳውንድ ጄለስ" አለችኝ። ተቆጣኋት። አባትን ቀናተኛ ማለት ነውር መሆኑን አስረዳኋት። እናቷ እንኳ የቁጣዬ መጠን ገርሟት ቀና ብላ አየችኝ። ልጄ ግን ያየችውን ነበር የተናገረችው።

ሊንዳ በምንትዋብ ነገር ልቧ ተነካ፤ የበላይ ቦርዱ ግን ሌላ ማስረጃ ፈለገ። ኢስትሙር አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ይጠራ፣ ሕመምተኞቹ መጥተው ክሊኒኩን እንደሚፈልጉት በአፋቸው ይናገሩ፣ ሰው ከመጣ ክሊኒኩ ይቆያል ተባለ። ሊንዳም ቀኑን እንድመርጥላት ቢሮዋ ጠራችኝ። ሁለት ቀን ነበራት፣ አንዱ ዓርብ፣ አንዱ በሁለት ሳምንት ዘግይቶ የሚውል ማክሰኞ። የፈረንጆቹ ፋሲካ አልፎ ነበር። የኛ አላለፈም። ያ ዓርብ ስቅለት ነበር።

እሷ አላወቀችም፤ እኔ አውቄያለሁ። ስቅለት ዕለት ያገሬ ክርስቲያን ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ይውላል፤ እህል አይቀምስም፣ ስልኩን አይከፍትም። ይህን ለማወቅ ምንትዋብን መሆን አያስፈልግም። ሊንዳ እንዲያውም፣ የእናንተ በዓላት እንደሚለዩ አውቃለሁ፣ በዚህ ቀን የሚገጥም ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ምንም የለም አልኩ። ዓርብ ይሻላል፣ ሰዉ ከሥራ ቀደም ብሎ ይወጣል አልኩ። እንደ ሁልጊዜው ቀስ ብዬ፣ ቃሌን መርጬ ነው ያልኩት። አሥራ ሰባት ዓመት የሰው ቃል ሳልቀንስ ሳልጨምር አድርሼ፣ የራሴን ቃል እንድናገር በተጠየቅሁበት ቀን ዋሸሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናልባት፣ አፌ አምልጦኝ ነው እል ነበር። አላበቃም። በማግስቱ ምንትዋብ ደወለች።

"ጋሼ፣ ሚቲንጉን ፍራይደይ ስኬጁል አድርገውታል እኮ። ስቅለት ነው። ሊንዳን ኮል ላድርጋት?"

አስቤ ለመዋሸት ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ቃሉ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ወጣ። "ነግሬያታለሁ። አይቀየርም ብላለች። አንቺ ደግመሽ ብትደውዪ እኔን ውሸታም ማድረግሽ ነው።"

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ እንዲህ አላደርግም። እርስዎ ከነገሯት በቃ።"

ይኸው ነው። አሜሪካዊት ነርስ ብትሆን ስልኩን ዘግታ ሊንዳ ጋ ትደውል ነበር። ፈረንጅ እንዲህ ያለውን ነገር ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ነውር የለውም። ምንትዋብ ግን ጋሼ ያለችውን ሰው ቃል ሄዳ ብታጣራ እኔን ያዋረደች ስለሚመስላት አልደወለችም። ይህን እንደማታደርግ አውቃለሁ። ያሳደጋትን ጨዋነት ነው ያጠመድኩባት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ፤ እሷ ግን ሞኝ አልነበረችም፣ ሰው አክባሪ ነበረች። በአዳራሹም በዓሉን እንዳታነሣ መከርኳት፤ ሰበብ የምንደረድር ይመስላቸዋል አልኳት። እሺ አለች።

ማስታወቂያው በቤተ ክርስቲያን ሲነገር ሰዉ አጉረመረመ፤ ፈረንጅ ስለ ስቅለት ምን ያውቃል ተባለ። ሁሉም ሊንዳን አማ። እኔም አብሬ ራሴን ነቀነቅኩ።

በዕለቱ ለሚስቴ ሥራ አለብኝ ብዬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቅለትን ቤተ ክርስቲያን ሳልሰግድ፣ የአስተርጓሚ ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጥኩ። ወንበሮቹ በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ከጁምዓ በኋላ የመጡ ሁለት የወሎ ሽማግሌዎች የፊቱ ረድፍ ላይ ተቀምጠው በሩን በሩን ያያሉ። ሌላ ሰው የለም። ምንትዋብ ስግደቱን አቋርጣ ነጠላዋን እንደለበሰች መጣች፤ ከንፈሯ በጾም ደርቋል። የቦርዱ ሰዎች ሰዓታቸውን ሲያዩ ተነሣችና በእንግሊዝኛ "የኔ ሰዎች መምጣት ይፈልጋሉ፣ ዛሬ ግን…" ብላ ጀመረች። ወደ እኔ ዞረች። አስተውል፣ አንባቢዬ፣ ፈቃድ ነበር የምትጠይቀኝ። አንዴ ራሴን ብነቀንቅላት ኖሮ "ዛሬ ስቅለታችን ነው" ትል ነበር፤ ሊንዳም ቀኑን ትቀይረው ነበር። አጎንብሼ ወረቀቴን አየሁ። ምንትዋብ "ዛሬ ከባድ ቀን ነው" ብላ ተቀመጠች። እና ልንገርህ፣ ከልቤ ደስ አለኝ። ተሸንፋ ስትቀመጥ ሳያት ለጥቂት ደቂቃ ደስ አለኝ።

ክሊኒኩ በበጋው ተዘጋ። ሕዝቡ አልፈለገውም ተብሎ ተጻፈ። ምንትዋብ ወደ ዋናው ሆስፒታል ተዛወረች፤ ጠያቂዎቹም መሰብሰቢያ ሲያጡ ተበተኑ።

እትዬ ዘርፌ የሚባሉ አሮጊት፣ ስኳር ያለባቸው፣ ከክሊኒኩ ሁለት ብሎክ ርቀው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እግራቸው ላይ የማይድን ቁስል ነበራቸው፤ በየሳምንቱ በከዘራ እየተደገፉ መጥተው ምንትዋብ ታጥብላቸው፣ ታሽግላቸው ነበር። ክሊኒኩ ሲዘጋ ዋናው ሆስፒታል ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ መያዝ ግድ ሆነባቸው። በረዶ ጣለ፤ አንድ ሳምንት ቀሩ፣ ከዚያም ሌላ ሳምንት። ስልክ ደውሎ "ለምን ቀሩ?" የሚላቸው ሰው አልነበረም። ጎረቤት አምጥቷቸው ሲደርሱ የእግር ጣቶቻቸው ጠቁረው ነበር።

ለማስተርጎም የተጠራሁት እኔ ነኝ። ዶክተሩ ተናገረ፣ እኔ በአማርኛ "ከጉልበትዎ በታች ይቆረጣል" አልኳቸው። ያንን ቃል የሰሙት ከእኔ አፍ ነው። እሳቸውም "አንተስ ምን ትላለህ፣ ልጄ?" አሉኝ። ስመኘው የኖርኩት ጥያቄ አልነበር? አስተርጓሚ የራሱን ሐሳብ እንዳይሰጥ ደንቡ ይከለክላል፤ በደንቡ ተደብቄ ዝም አልኩ። ፈረሙ። ከዚያ እጄን ይዘው "አንተ ባትኖር ማን ያስረዳኝ ነበር" ብለው መረቁኝ።

ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ከገቡ በኋላ ከምንትዋብ ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። ገና ሳንቀመጥ ምንትዋብ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ያዘች። ክሊኒኩ በእኔ ምክንያት ነው የተዘጋው አለች። ቀኑን እንዲቀይሩት መታገል ሲገባኝ ዝም አልኩ፣ ያንን ዝምታ ነው እርስዎ በእግርዎ የከፈሉት አለች። የጋሼን ቃል ሰምቼ አላለችም። ስሜን አላነሣችም። እትዬ ዘርፌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው "አንቺን አምኜ ነበር" አሉ። ምንትዋብ እየተንሰቀሰቀች ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እሳቸውም ዞረው እኔን አዩኝ። በቤቱ ያለሁት ሽማግሌ እኔ ነበርኩ፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቀው ሽማግሌ ነው።

አስታረቅኋቸው።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሏት። ሰው ናት፣ ትሳሳታለች" አልኩ።

ይቅር አሏት። ምንትዋብ ተነሥታ ትከሻዬን ሳመች፤ "ጋሼ፣ ውለታዎን አልረሳም" አለችኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይህኛው እውነት ግን እኔ ካልተናገርኩት አይጠራም፤ የሚያውቀው ሌላ ሰው የለም። ሊንዳ ሥራ ቀይራ ሄዳለች፣ ወረቀቶቹ ተዘግተዋል። በመሥሪያ ቤቱ ያልተመሰገንኩ ሰው ነበርኩ ብዬ ልምልልህ እችላለሁ፤ ሊንዳ በጥያቄዋ አቆሰለችኝ ማለት እችላለሁ፤ ሆስፒታሉ የገንዘብ ችግር ስለነበረበት ክሊኒኩ ዞሮ ዞሮ መዘጋቱ አይቀርም ነበር ማለት እችላለሁ። ይህን ሁሉ ለራሴ ብዬዋለሁ፣ ደጋግሜ ብዬዋለሁ። ዓርብን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ፤ ነግሬያታለሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስታየኝ ያጎነበስኩት እኔ ነኝ። በአንዲት ሴት ቀንቼ የሌላይቱን እግር አስቆረጥኩ።

ከአንተም ይቅርታ አልለምንም። "ይቅር ይበሏት" ባልኩበት አፍ "ይቅር በሉኝ" ለማለት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልወጣልኝም፤ ቢወጣም መነገር ያለበት ለአንተ አይደለም፣ ለእነሱ ነው። እትዬ ዘርፌ ዛሬም ምንትዋብን ሲያዩ "ያለፈ አልፏል፣ ይቅር ብዬሻለሁ" ይሏታል። እሷም አንገቷን ትደፋለች። ምንም ያላጠፋችው ምንትዋብ፣ የእኔን ጥፋት ተሸክማ፣ በየጊዜው ይቅርታ እየተደረገላት ትኖራለች።