ሁለተኛው ሞተር

ሙሐመድአሚን የሳር ማጨጃ ማሽን ጠጋኝ ነው። አባቱ መርካቶ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ወንድሞቹም ከዚያው ሱቅ አልወጡም። እሱ ግን ጨርቅ መለካት እንጂ መሸጥ አይሆንለትም። ስለዚህ የቪላ ቤቶችን ማጨጃ እየዞረ መጠገን ጀመረ። የከተማው የቤት ኪራይ ሲከብደው ቡራዩ መጥቶ በእትዬ ውባንቺ ግቢ የጓሮውን ክፍል ተከራየ። አርባ ዓመት አልፎታል፤ አላገባም፤ እንግዳም አይመጣበትም። እንግዳ የማይመጣበት ሰው በኛ ግቢ መነጋገሪያ ነው።

መጀመሪያ የፍሪጅ ማሸጊያ ፎም ተሸክሞ ገባ። ቀጥሎ ቀርከሃና ኮምፔርሳቶ አመጣ። በመጨረሻ አንድ ጥቅል አቡጀዲ ይዞ ሲመጣ እትዬ ውባንቺ ከበሩ ላይ አየችው።

«ማንን ሊገንዝ ነው ደግሞ?» አለችኝ።

የባለቤቴ የመልከጼዴቅ አርባ ገና አልወጣም ነበር። ያን ጨርቅ ማየት አልፈለግኩም፤ ግን ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ምንነቱ ያልታወቀ ነገር አጠገቤ ተቀምጦ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከፈተልኝ። ወለሉ ላይ በጠመኔ ሙሉ አውሮፕላን ተስሏል። ክፍሉ ስላልበቃው ክንፉ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ተዘርግቷል፤ ፍራሹ ከክንፉ ጎን ነው። የተሠራው ገላ ራሱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ሆዱ ላይ ትንሽ መዝጊያ አለው።

«በሪሞት የሚሄድ ነው» አለ። «ባለ ሁለት ሞተር። ሞተሮቹን ከተጣሉ ማጨጃዎች ነው የፈታኋቸው።»

«እዚህ መዝጊያ ውስጥ ምን ይገባል?»

«ባትሪና የቤንዚን ዕቃ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይገባል?»

ጥያቄን በጥያቄ መመለሱን አልወደድኩለትም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሁለቱንም ሞተሮች አስነሳ። ድምፁ ሳይጠፋ «ድሮን» የሚለው ቃል አጥር ዘሎ ወጣ። ወዲያው ግቢው በሰው ሞላ። የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ኢብሳ ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

«ኩን ማሊ? ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«አውሮፕላን ነው ኦቦ። ሞዴል ነው። መጫወቻ ይበሉት።»

«መጫወቻ ከሆነ አንድ ሞተር አይበቃውም?» አለች ውባንቺ።

«ትልቅ ስለሆነ አንድ አያነሳውም።»

«ትልቅ አድርገህ ሥራ ያለህ ማነው?»

«ትንሹን ነፋስ ይጫወትበታል፤ ትልቁ ነው እንደ እውነተኛው የሚሄደው» ቢልም የሰማው ያለ አልመሰለኝም።

የታክሲ ረዳቱ ዲኖ ከኋላ ሆኖ «እሺ፣ አንዱ ሞተር የመጫወቻው ነው። ሁለተኛው የማን ነው?» አለ።

ሰው ሳቀ። ሳቁ አለቀ፣ ጥያቄው ግን ቀረ። እኔም ውስጥ ቀረ።

እትዬ ውባንቺ ይህ ነገር ከግቢዋ ካልወጣ ሰውየው ራሱ እንደሚወጣ ተናገረች። ኦቦ ኢብሳ አሰቡ፤ አሰቡና «ሃ ታኡ፣ ይሁን» አሉ። «አንዱን ይዘህ ተጫወት። ሁለተኛውን ጣቢታ ታስቀምጠው። የመዝገብ ቤት ሰው ናት፤ ዕቃ አይጠፋባትም።»

ሙሐመድአሚን የቀኙን ሞተር ራሱ ፈታው። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በሁለት እጁ አቀበለኝ።

«አታዘቅዝቂው፣ ቤንዚን አልጨረሰም።»

አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። ቤቱን የቤንዚን ሽታ ሞላው። መልከጼዴቅ ወደ ገላን የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። የሱ ልብስ የሚሸተው ናፍጣ ነው፤ ይኼ ቤንዚን ነው፤ ልዩነቱን አውቃለሁ። ቢሆንም ከረጢቱን ወደ ውጭ አላወጣሁትም።

ከዚያ በኋላ ሰውየውን መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። በሩ ሲከፈት ወለሉን አያለሁ። አንዴ ሞተሩን በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ስሎ አጠፋው። አንዴ ክንፉን አሳጥሮ አጠፋው። ከሰበታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ሲመለስ ሌላ ሞተር ገዛ ብዬ አስፈታሁት። የሕፃን ጋሪ ጎማ ነበር።

«ባንዱ ለምን አትሠራውም?» አልኩት።

«ባንድ ሞተር ሌላ አውሮፕላን ነው እንጂ ይኼ አይደለም።»

በመጨረሻ ግቢው መሀል አወጣውና የቀረውን የግራውን ሞተር አስነሳ። አውሮፕላኑ ወደፊት ልሂድ ብሎ ወደ ቀኝ ዞረ፤ ደግሞ ዞረ። ሞተር የሌለበት ጎን እየቀረ፣ ባለበት ይሽከረከር ጀመር። ክንፉ የውሃ ጀሪካን ጣለ። ዲኖ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ውይ፣ ልክ ባሏ እንደሞተባት…» አለች ውባንቺ፤ አየችኝና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

ሞተሩ ብቻ ይጮኻል። ሙሐመድአሚን እኔን አስቦ ይሆን ያደረገው ብዬ ጠረጠርኩ። ፊቱን አየሁ። እሱ የሚያየው ጎማውን ነበር።

ኦቦ ኢብሳ ወደ እኔ ዞሩ። «ጣቢታ፣ አንቺ ዘንድ ያለው ደህና ነው?»

«ደህና ነው ኦቦ።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሞተሩን እንደማውሰው፣ ሲጨርስ ፈትቶ እንደሚመልስልኝ ለሙሐመድአሚን ነገርኩት። ባሰኘኝ ጊዜ የሆዱን መዝጊያ እከፍታለሁ። እኔ በሌለሁበት ሁለቱ ሞተሮች አይነሡም። ከሚመለከተው ክፍል ፈቃድ እስኪያገኝ ከመሬት አይነሳም፤ በጎማው ብቻ ይሄዳል።

«እሺ። ሌላስ?» አለ።

«ሌላ ምን ይኖራል?»

ቅዳሜ ሱሉልታ ሄድን፤ ሙሐመድአሚን ማጨጃውን ወደሚጠግንለት ሰው የሳር ማሳ። ሳሩ ታጭዶ ነበር። እስክንደርስ ሞተሩ ጭኔ ላይ ነበር። ሲያስረው አጠገቡ ቆሜ መዝጊያውን ከፈትኩ፤ ባትሪ፣ የቤንዚን ዕቃና አንድ የታጠፈ ጨርቅ። ጨርቁን ዘረጋሁት። ምንም የለውም።

ሁለቱንም አስነሳ። አውሮፕላኑ ትንሽ ወደ ግራ አለ፤ በሪሞቱ መለሰው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄደ። በታጨደው ሳር ላይ እስከ ማሳው ጫፍ ቀጥ ብሎ ሄዶ ዞሮ ወደ እኛ መጣ። ሙሐመድአሚን እጁን በሱሪው ጠረገና እንደ ስምምነታችን የቀኙን ሞተር ሊፈታ ተንበረከከ።

«ተወው» አልኩት። «በማሰርና በመፍታት ብሎኑ ይላላል።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ።

ቡራዩ ስንደርስ ግን፣ ወደ ክፍሉ ከማስገባቱ በፊት፣ የሆዱን መዝጊያ እንደገና ከፍቼ አየሁ።