ትንኝ ይገባል

አባቴን ስትሮክ ከመታው ዓመት ሊሞላው ሲል እናቴ ደውላ «መኝታ ቤቶቹን ላሳድስ ነውና የዓመት ፈቃድሽን ወስደሽ ነይ» አለችኝ። የምሠራው አዲስ አበባ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ፈቃዴን ሲሚንቶ እያቦካሁ ላሳልፈው አላሰብኩም ነበር። የቤታችንን ነገር ስለማውቅ ግን ሄድኩ።

ቤታችን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ አፋፉ ላይ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ያሠራው ባለ ሁለት መኝታ የጭቃ ቤት ሲሆን እንጨቱን ምስጥ ጨርሶት በቀለሙ ብርታት ነበር የቆመው። የልጆቹን መኝታ ቤት በር ስከፍተው መቃኑ ከነማጠፊያው አብሮኝ መጣ። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ አይጦች ለዓመታት ያጠራቀሙት ነገር ከብዶት ሆዱ ወደ ታች ወርዷል። አናጢው በዱላ ሲቀደው የዘነበብንን እዚህ አልጽፈውም።

አባቴ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ የቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነው። ድሮ ሲያስል አራታችንም ልጆቹ ቀጥ ብለን እንቀመጥ ነበር። አሁን ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል፣ ምላሱም ተሳስሯል። የቀሩለት ግራ እጁና ዓይኖቹ ናቸው። የሚባለውን ሁሉ ግን ይሰማል፣ ይገባዋልም። ይህን ሐኪሙ ነግሮናል፤ እናቴም ከማንም በላይ ታውቃለች።

የልጆቹ መኝታ ቤት ግድግዳ ተመርጎ ሲያልቅ አናጢው ወደ አባቴና እናቴ ክፍል ገባና መስኮቱን ዳበሰው። ባለ አንድ ተካፋች የእንጨት መስኮት ነው፤ ዙሪያውን በትልልቅ ሚስማር ተመቷል።

«እናቴ፣ ይቺን መስኮት ምን አድርጋችሁ ነው እንዲህ ሚስማር ያጠጣችኋት?» አላት።

እናቴ «ቆየት ብሏል» አለችው።

እኔ ሲመታ አይቻለሁ፤ ልጅ ነበርኩ። እናቴ የኦቾሎ ልጅ ናት። ኦቾሎ ከዓባያ ሐይቅ በላይ ተራራ ጫፍ ላይ ያለ መንደር ነው፤ እዚያ ነፋስ የሚለምን የለም። እዚህ ሙቀት ውስጥ ስትዳር ያገኘችው መጽናኛ ይህ መስኮት ነበር። ከሰዓት ሥራዋን ጨርሳ ክንዷን ታስደግፍበትና ሐይቁን ታያለች። አንድ ቀን ከጫሞ ዓሣ ተሸክሞ የመጣ ጎረምሳ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ የሆነ ነገር ብሏት ሳቀች። ምን እንዳላት እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ ሳቋን ከበር ላይ ሰማው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሱፉን እንኳ ሳያወልቅ መዶሻ አነሳና መስኮቱን ጠረቀመው። «ትንኝ ይገባል፤ ልጆቹ በወባ ሊያልቁ ነው» አለ። የሳሎኑን መስኮት አልነካውም፤ የአርባ ምንጭ ትንኝ በሙሉ በዚያ በኩል ይገባ ነበር።

በኋላ እናቴ ራሷ ወባ ይዟት በዚያ ክፍል ተኛች። ቆርቆሮው ከላይ ይጋግራል፣ ትኩሳቱ ከውስጥ። «እባክህ ትንሽ ብቻ ክፈትልኝ» ስትለው ሰማሁ። አባቴ የሚያነበውን ሳያስቀምጥ «ትንኝ ይገባል» አላት። ወባው ይዟት ተኝታ ነው እንግዲህ! ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መስኮቱ አንድም ቃል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ትታዋለች ብዬ ነበር።

ግድግዳው እስኪመረግ አባቴን ሳሎን አስተኛነው። የሳሎኑ መስኮት ክፍት ነበርና ሰውዬው ነፍስ ዘራ። ከሰዓት ከሐይቁ በኩል ነፋሱ ሲመጣ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ይሰጠዋል። ሾርባውን ሳያፈስ መዋጥ ጀመረ። ሌሊቱንም ሳይቃትት ማደር ለመደ። ነገሩ ቀላል መሰለኝ፤ የክፍሉን መስኮት እንከፍትለታለን፣ አለቀ።

አናጢውም እንደዚያው አሰበ። «ጋሼ ንፋስ ቢያገኙ ይሻላቸዋል። ወንፊት ሽቦ እመታበታለሁ፤ ትንኝ የሚባል አይገባም» አለ።

እናቴ ሽቦውን አስገዛች። የተመታው ግን በልጆቹ መኝታ ቤት ነው። የዚያን ክፍል መስኮት በሐይቁ በኩል አስሰፍታ፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ «የቡና ቤት ቀለም» እያለ የከለከላትን ውኃ ሰማያዊ አስቀብታ፣ የራሷን አልጋ እዚያ አስገባች። ለእሱ የነበረበትን ክፍል በነጭ አስቀባችለት። «የድሮው መስኮት ይቅር፤ ትንኝ ይገባል» አለችው አናጢውን። የትንኙን ሽቦ በልጆቹ መኝታ ቤት ገና አሁን በእጁ መትቶ መውጣቱ ነው። ሰውዬው አየኝ፣ እኔ መሬቱን አየሁ።

አባቴን ወደ ክፍሉ በመለስነው ቀን ግራ እጁን አንስቶ ወደ መስኮቱ ዘረጋ። ሳወርድለት መልሶ ያነሳዋል። ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም፤ ልመና መሆኑ ግን ለማንም ይገባል። ያ ሰው ሲለምን አይቼ አላውቅም። ከአናጢው ዕቃ መሃል ጉጠት አንስቼ የመጀመሪያውን ሚስማር ያዝኩ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልጮኸችም።

«ንቀይው» አለችኝ። «እኔ ጠዋት ኦቾሎ ወንድሜ ጋ እወጣለሁ። አንቺ ታገላብጪዋለሽ፣ አንቺ ታጥቢዋለሽ፣ አንቺ ታጎርሺዋለሽ። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ደስ ብሎት ይኖራል።»

«እማዬ፣ አሁን እኮ የታመመ ሰው ነው» አልኳት።

«እኔስ ያኔ ጤነኛ ነበርኩ?»

አባቴ ይሰማል። ዓይኑ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ጉጠቱ ይሄዳል። አባቴ አሳዘነኝ። እናቴን ፈራኋት። ከሁለቱም ይልቅ ግን ለራሴ ሳሳሁ፦ ለሥራዬ፣ አዲስ አበባ ለተከራየኋት ክፍል፣ ማንንም ሳላገላብጥ ለምነቃበት ጠዋት። ጉጠቱን ሄጄ ከአናጢው ዕቃ ጋር አስቀመጥኩት። ከሰዓት አናጢው የሚስማሮቹን ራስ በስቱኮ ደፍኖ መስኮቱን ከግድግዳው ጋር አንድ አድርጎ ነጭ ቀባው። ሥራው ንጹህ ነበር፤ ካልተነገረህ መስኮት መኖሩን አታውቅም።

እኔ ልመለስ ስል የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለታደሰው ቤት ሊጸልዩ መጡ። የእናቴን ክፍል አይተው አደነቁ፤ ከዚያ የአባቴን አልጋ ከብበው መዘመር ጀመሩ። ክፍሉ ይፋጃል፣ የቀለሙ ሽታም ገና አልወጣም። አባቴ ግራ እጁን አነሳ፤ ወደ ነጩ ግድግዳ፣ መስኮቱ ወደነበረበት። እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

«እጁን አነሳ! እያመለከ ነው!» አለች አንዷ። ክፍሉ በሃሌ ሉያ ተናወጠ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እንባውን ጠረገችለት። አንድ አዛውንት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «ጌታ እንዲህ ያለች ሚስት ለሁሉም ይስጥ» አሉ።

መዝሙሩ ሲያበቃ ከኋላ የቆመች ሴት በመጽሐፏ ፊቷን እያራገበች «ክፍሉ ግን ታፍኗል፤ መስኮት ብታወጡለትስ?» አለች።

እናቴ ወደ ሴትዮዋ አልዞረችም። አባቴን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ትንኝ ይገባል» አለች።

ያቺን ቃል በዚያ ክፍል ሲናገራት የኖረው እሱ ነው፤ በእሱ ላይ ስትባል ግን አሁን የመጀመሪያዋ ነበር። ትንሽ አያት። ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ አወረደና አልጋው ላይ አሳረፈው።

«አያችሁ፣ ሰላም ወረደለት» አሉ አዛውንቱ።

ሁሉም አሜን አለ። እኔም አልኩ።